ዳገት ያቃተው ፒካፕ

መካነ ሰላም፣ ረቡዕ የካቲት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ድምፅዋን ብቻ ለምሰማት ለእማዬ፣

ከየት እንደምጀምር ስላላወቅሁ ከከፋው ልጀምር። እሑድ ዕለት የአባዬን እግር በፈላ ውሃ አቃጠልሁት። አትደንግጪ፣ ይራመዳል፣ ጫማም ያደርጋል። የምጽፍልሽ አቃጠልሁት ብዬ አይደለም። ስላልተሰማው ነው።

በስልክ ልነግርሽ አልቻልሁም። አንቺ ስትደውዪ አባዬ ድምፁን ከፍቶ ስልኩን መደቡ ላይ ያስቀምጠዋል። እኔ ደግሞ ታውቂኛለሽ፣ ሰው እየሰማኝ ሁለት ቃል ካወጣሁ ሦስተኛው አይመጣልኝም። ጎረቤታችን ሀያት ነገ ከቀትር በኋላ ወደ አዲስ አበባ ትሄዳለች፣ ከዚያ ወደ ኩዌት፣ አንቺ ወዳለሽበት። ደብዳቤውን በእጅሽ እንደምታደርስልሽ ወላሂ ብላ ምላልኛለች። ሀያት በሁለት ዓመት ነው የምትበልጠኝ፣ ገና አሥራ ስምንቷ ነው። ፓስፖርቷ ላይ ግን ሃያ አራት ዓመቷ ነው።

ስለ ፒካፑ አባዬ የነገረሽን ሰምተሻል። እኔ ያየሁትን ደግሞ ልንገርሽ።

ኅዳር ላይ ከአቀስታ ሲመለስ ቁልቁለቱ ላይ ከመንገድ ወጥቶ የድንጋይ ካብ መታ። ሰው አልተጎዳም። ፍሬን እምቢ አለኝ ነው ያለው። መኪናው ሁለት ወር ሁዜይፋ ጋራዥ ቆመ። ሁዜይፋን አታውቂውም፣ አንቺ ከሄድሽ በኋላ ከማደያው ጀርባ ጋራዥ የከፈተ መካኒክ ነው። የተጨራመተውን አቃና፣ ራዲያተሩን ቀየረ፣ ፍሬኑንም ፈታትቶ አየው።

"ፍሬኑ ላይ ምንም አላገኘሁም ጋሽ ይርዳው" አለ።

"አንተ ስላላገኘኸው የለም ማለት ነው?" አለው አባዬ።

ጉልበት አጣ መባል የጀመረው ከጋራዥ ከወጣ በኋላ ነው። ሜዳውን ይሄዳል። ጭነት ይዞ ዳገት ላይ ሲደርስ ግን አህያ የሚነዱ ሰዎች ይቀድሙናል። አንድ ቀን እንጨት የተሸከሙ ሴቶች አጠገባችን እየሄዱ "ጋሽ ይርዳው፣ ገመድ እንወርውርልዎ?" ብለው ሳቁብን። አባዬም ሳቀ፣ ከዚያ ግን በጎኑ ያለውን መስኮት ዘጋ።

ሁዜይፋ ያላየው ነገር የለም። አየር ማጣሪያው ውስጥ የጤፍ ገለባ አገኘ፣ ይኸው ነው ብሎ ደስ አለው፣ አዲስ አስገባ። ለውጥ የለም። የናፍጣ ማጣሪያውን ቀየረ፣ የጭስ መውጫውን ፈትቶ አየ፣ ንጹሕ ነው። በመጨረሻ መኪናው ስንዴ ተጭኖ እሱ ጆንያው ላይ ቆሞ፣ ወደ ኋላ ጭሱን እያየ አብሮን ዳገቱን ወጣ። ሲወርድ ራሱን ይነቀንቅ ነበር።

"ጭስ የለውም እኮ" አለ። "ነዳጅ መስጫው ተረግጦ ጉልበት ያጣ ሞተር ጥቁር ጭስ ይተፋል። ይሄ ግን ነዳጅ ያልጠጣ ነው የሚመስለው።"

"ታዲያ አጠጣዋ። መካኒኩ አንተ አይደለህ?"

"ባዶውን እኔ ስነዳው እኮ ይበራል፣ ወላሂ።"

"ባዶውንማ እኔም በትከሻዬ እገፋዋለሁ።"

ነዳጅ የሚገፋለትን ፖምፓ ነቅሎ ደሴ ላከው። ደህና ነው ተብሎ ተመለሰ። በዚህ መሐል ከተማው ሁዜይፋን ማማት ጀመረ። የጃፓኑን ዕቃ አውጥቶ የቻይና ከተተበት ይላሉ። አባዬ እንዲህ አላለም፣ ሰዎች ሲሉ ግን ዝም ይላል። አሁን ጋራዡ በር ላይ የሚቆም መኪና ጥቂት ነው።

ከዚህ በኋላ ነው አባዬ "ሞተሩ ሞቷል፣ ሌላ ሞተር ያስፈልገናል፣ ለፋሲካ መምጣቱ ይቅርና ሁለት ዓመት ጨምሪ" ያለሽ። እሺ አልሽ። በጣም ቶሎ ነው ያልሽው። ከዚያ ድመቷ እንዴት ናት ብለሽ ጠየቅሽኝ፣ ደህና ናት አልሁሽ። ድመቷ ከጥር ጀምሮ የለችም፣ እማዬ።

ይህ እሑድ ነበር። አመሻሽ ላይ እንደ ልማዳችን እግሩን ላጥበው ሳፋ አቀረብሁ። ሐሳቤ አንቺ ጋ ነበርና ቀዝቃዛ ሳልጨምርበት ማንቆርቆሪያውን እንዳለ ገለበጥሁት። ቀኝ እግሩን አስገባ። እኔም ላጥበው እጄን ስነክር ጣቶቼን ለበለበኝና ወደ ኋላ ዘለልሁ። እሱ ግን እግሩን ሳያነሣ ስለ ሞተሩ ያወራ ነበር።

"ምን ሆንሽ?" አለኝ።

ሳልመልስለት ግራ እግሩን አስገባ። ወዲያው እንደ እሳት መንጥቆ አወጣው።

"ልጄ፣ ልትቀቅይኝ ነው?"

ከዚያ ሁለታችንም ቀኝ እግሩን አየነው። ውሃው ውስጥ ነበር። እንፋሎቱ ይወጣል። ቀስ ብሎ አወጣውና "እሱ የሹፌር እግር ነው፣ ደንድኗል" አለ። ሳቀ። ሰኞ ጠዋት ውስጥ እግሩ ሁሉ ውሃ ቋጥሮ ነበር። ማር ቀባሁለት፣ ካልሲ አደረገበትና ወጣ።

አሁን መሐላዬን አፈርሳለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ጤና ጣቢያ ስኳር አለብህ ብለውታል። ላንቺ እንዳልናገር አስምሎኛል። ክኒኑ ሲያልቅ አልተመለሰም። ስኳር የሀብታም በሽታ ነው፣ እኔን ከየት ያውቀኛል ይላል። ስኳር እግር እንደሚያደነዝዝ በሬዲዮ ሰምቼ ነበር፣ ግን የእኛ ቤት እግር አልመሰለኝም።

ትናንት አቀስታ ድረስ አብሬው ሄድሁ። ዳገቱ ስር ስንደርስ መንገዱን ትቼ እግሩን ማየት ጀመርሁ። ሞተሩ ሊጠፋ ደረሰ። አባዬ ጥርሱን ነክሶ መሪውን ጨብጧል፣ ግንባሩ በላብ ርሷል።

"ይኸው፣ እስከ ወለሉ ረግጬዋለሁ" አለኝ። "አየሽ? እስከ ወለሉ።"

አየሁ። ከነዳጅ መስጫው ሥር ሎሚ የሚያህል ክፍተት ነበር።

አልዋሸኝም፣ እማዬ። ይህን እንድታውቂልኝ ነው የምጽፈው። እሱ የረገጠው ይመስለዋል። እግሩ የት እንደቆመ እግሩ አይነግረውም። ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ፍሬኑን ለመያዝ በፈለገ ቁጥር መንገዱን ትቶ ወደ ታች ያያል፣ እግሩን በዓይኑ ፈልጎ ያገኘዋል። ኅዳር ላይ ምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ከኋላችን ጆንያው ላይ ሁለት ሴቶችና አንድ ሕፃን ተቀምጠው ነበር።

ከሁሉ በፊት የተሰማኝን ልንገርሽ፣ እንዳትጠዪኝ። ደስ አለኝ። ሞተሩ ደህና ከሆነ እማዬ ለፋሲካ ትመጣለች ብዬ። ገበያው ውስጥ ብቻዬን ፈገግ እል ነበር። ስንመለስ ነው ያሰብሁት። ሞተር እንኳ በሁለት ዓመት ሥራ ይገዛል። አባዬ ካልነዳ የምንበላው ከአንቺ እጅ ነው። ሌላ ሹፌር ይያዝ እንዳልል፣ ሌላ ሰው መኪናዬን ሲነዳ ከማይ ገደል ይግባ ሲል ሰምተሽዋል፣ ደግሞ አንድ አሮጌ ፒካፕ ሁለት ቤት አይመግብም። ስለዚህ ብነግርሽም ትቀሪያለሽ፣ ባልነግርሽም ትቀሪያለሽ። ይህን ያህል ካሰብሁ በኋላ ማሰብ አቆምሁ።

ዛሬ ረፋድ ላይ አባዬ መኪና ማንሻውን ክሪክ አድርሺ ብሎ ጋራዥ ላከኝ። መኪናው እዚያው አድሯል። ለሁዜይፋ ልነግረው ነበር። እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ።

"ትህትና፣ ዛሬም አፍሽን ቤት ጥለሽው መጣሽ?" አለኝ።

ክሪኩን ከፍ አድርጌ አሳየሁት።

"ለአባትሽ ንገሪልኝ፣ ነገ ሞተሩን አወርደዋለሁ። ሌላ የቀረኝ ነገር የለም። እዚያም ውስጥ ካላገኘሁ ጋራዡን ዘግቼ አገሬ እገባለሁ።"

አንድ ነገር በይ አልሁ ራሴን። ክሪኩን መሬት ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። አባዬ አሁን ገብርኤልን ሊሳለም ሄዷል፣ ሳይመለስ ልጨርስ ብዬ ነው የቸኮልሁት፣ ጽሑፌ ካልተነበበልሽ ይቅርታ አድርጊልኝ።

ይህን አንብበሽ ስትደውዪ ምንም እንዳትዪ። ስለ ድመቷ ሳትጠይቂኝ ከቀረሽ ደብዳቤው እንደደረሰሽ አውቃለሁ። እንዳታለቅሺም፣ አባዬ ድምፅሽን ይለያል። እመቤቴ ማርያም ከክፉ ትሰውርሽ፣ የምታገለግያት ሴትዮም ልቧ ይራራልሽ፣ ጎንሽን የምታሳርፊበት ሰዓት አትጪ። ነይ አልልሽም። ቅሪም አልልሽም።

ነገ በሁለት ሰዓት ሞተሩን በሰንሰለት ሊያወርዱት ነው። ቀድሜ ከአባዬ ጋር እሄዳለሁ። "አባዬ" ካልሁ በኋላ ቀሪው እንደማይወጣልኝ አውቀዋለሁ፣ ስለዚህ ንግግር አላዘጋጀሁም። እስቲ አንዴ አስነሣው ብቻ እለዋለሁ። ሲያስነሣው በሩን ከፍቼ እንበረከክና ቀኝ እግሩን በሁለት እጄ ይዤ እስከ ወለሉ እጫነዋለሁ። ሞተሩ ይጮኻል። ሁዜይፋ ይሰማል፣ አባዬም ይሰማል። ከዚያ ወደ ታች እስኪያየኝ ድረስ እጄን ከእግሩ ላይ አላነሣም።

ልጅሽ ትህትና ይርዳው