የካምቢዮው ፍርድ

ጥቅምት 18 ቀን 1990 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡00

የአንድ ጭነት መኪና ካምቢዮ አወረድኩ። የሦስተኛ ማርሹ ጥርስ አልቋል። ባለቤቱ ምን ነካው ይለኛል። ሹፌርህ ነካው አልኩት። አርባ ዓመት መልሴ አንድ ነው። ካምቢዮ በራሱ አይሞትም፤ ይገደላል።

ከቀኑ 8፡00

አቶ ግርማ መጣ፣ የቆርቆሮና የሚስማር ነጋዴው። አዲሷን ነጭ መኪናውን አስጎትቶ። ከገዛት ዓመት አልሞላትም። አውቶማቲክ ናት፣ ፍሪሲዮን የሌላት። ዳገት ላይ ሞተሯ ይጮኻል፣ ጎማዋ አይሄድም። ሹፌሩ ከድርም አብሮ አለ። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ አርባ ያለፈው ሰው። አቶ ግ. ፍርድ ይሰጠኝ አለ፤ ጥፋቱ የመኪናዋ ነው ወይስ የሹፌሩ?

ደብተር፣ አንተ ታውቃለህ። ከመካኒሳ እስከ ፉሪ ባለመኪናና ሹፌር ሲካሰሱ የሚመጡት እኔ ዘንድ ነው። ዘይቱን መዳፌ ላይ አደርጋለሁ፣ አሸታለሁ፣ እናገራለሁ። ከዚያ ወዲያ ክርክር የለም።

ቀይ መሆን የሚገባው ዘይት ጠቁሯል። አሸተትኩ። ተቃጥሏል። ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ለመቆጠብ በዜሮ ማርሽ ትለቃታለህ አልኩት ከድርን። በጭነት መኪና ያደጉ ሁሉ ያደርጉታል። አላደረግሁም አለ። ማለ። ሹፌር ሲምል መፍቻዬን እቆጥራለሁ አልኩ። አቶ ግ. ከት ብሎ ሳቀ። በወረቀት ጽፌ ፈረምኩለት። ጥፋቱ የሹፌሩ ነው።

ጥቅምት 21፣ ዓርብ

ከድር ተባረረ። የአቶ ግ. ጸሐፊ መልቀቂያው ላይ ቃሌን እንዳለ አስፍራዋለች አሉ፤ «በባለሙያ ምስክርነት እንደተረጋገጠው በቸልተኝነት ካምቢዮ ያቃጠለ»። ይህን ይዞ የሚቀጥረው የለም። ይገባዋል። ሌላው ይማርበታል።

ጉልበቴ ያመኛል። ዝናቡ ጥቅምትም ገብቶ አልወጣ ብሏል።

ጥቅምት 27፣ ሐሙስ

ለቡ ሄድኩ፣ የአንድ ሲሚንቶ ማቡኪያ ሞተር ልጠግን። ከድር እዚያ ብሎኬት ይሸከማል። ሸሚዙ ትከሻው ላይ ተቀዷል። ጤና ይስጥልኝ ጋሼ አለኝ። አልመለስኩለትም። ፎርማኑ «ሹፌሩ፣ ብሎኬቱን በዜሮ ማርሽ እንዳትለቀው» ይለዋል፣ ሌሎቹ ይስቃሉ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። እኔም ሳቅኩ። አልዋሽህም፣ ደብተር፤ ሳቅኩ።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

አቶ ግ. ፈገግ እያለ መጣ። ከአስመጪው ደብዳቤ ደርሶታል፣ በእንግሊዝኛ። መዝገበ ቃላቴን አውጥቼ እያንዳንዷን ቃል ፈለግሁ። ፋብሪካው በዚያ ዓመት የሠራቸውን መኪኖች መልሶ እየጠራ ነው። ካምቢዮው ውስጥ ዘይት የሚገፋው ክፍል ደካማ ሆኖ ተሠርቷል። ዘይቱ ይቃጠላል፣ ዳገት ላይ ኃይል ያጣል። በነፃ ይቀየራል።

ሹፌሩስ? አልኩ። የእህቴን ልጅ ቀጥሬያለሁ፣ ያለፈው አልፏል አለ።

ፋብሪካም ይሳሳታል፣ ሹፌርም ያጠፋል። ሁለቱ ባንድ ላይ አይሆኑም ያለው ማነው?

ኅዳር 4፣ ሐሙስ

ወደ አስመጪው ሳትሄድ ላያት ብዬ መኪናዋን ከአቶ ግ. ተቀበልኩ። ዘይቷን ሁሉ አፍስሼ አዲስ ሞላሁ። ራሴ ነዳሁ። ከብስራተ ገብርኤል እስከ ፉሪ፣ ከፉሪ እስከ ብስራተ ገብርኤል፣ ከጠዋት እስከ 9 ሰዓት። ማርሹን ከመንጃው ቦታ ንቅንቅ አላደረግሁም። በዜሮ አንዴም አለቀቅኳትም። ሐና ማርያም ዳገት ላይ ሞተሯ ጮኸ። ጎማው አልያዘም። ከኋላ ያለው ታክሲ ጡሩምባውን ነፋብኝ፤ ሹፌሩ «ሽማግሌው፣ ሂድ ወይ ውረድ» አለኝ።

ዘይቱን መዳፌ ላይ አደረግሁ። ያው ሽታ።

ኅዳር 5፣ ዓርብ

ለማንም አልተናገርኩም። ስንቱን ሹፌር አሸትቼ አባረርኩ? በእነዚያ አልተሳሳትኩም። ካምቢዮአቸውን ፈትቼ፣ ጥርሱን በጣቴ ዳስሼ ነው የፈረድኩት። የዚችን አልፈታሁም። የዚችን ዓይነት ፈትቼም አላውቅ። ይህን ከአንተ በቀር የሚያውቅ የለም።

ኅዳር 8፣ ሰኞ

አቶ ግ. ሱቅ ሄድኩ። የከድርን መልቀቂያ ቀይር አልኩት። ዝም ብሎ የሚቀየር መሰለዎት አለኝ። ሰውየው ለአንድ ፋብሪካ የሠራተኛ አውቶቡስ ሹፌርነት አመልክቶ በዚያ ወረቀት የተነሳ ሁለቴ መልሰውታል፤ እዚህም መጥቶ ለምኗል። ግን ማኅደሩ ውስጥ ያንተ፣ ይቅርታ፣ የእርስዎ ፊርማ አለ። ከአንድ እጅ ሁለት ምስክርነት አልቀበልም አለ። ቀጥሎ ያለውን ቃል በቃል እጽፈዋለሁ፦

«አውቶማቲክ ካምቢዮ አላውቅም ብለው ይጻፉና ይፈርሙ። ያን ጊዜ እቀይራለሁ።»

ደንበኞቹ ፊት ነው ያለው። ሚስማር የሚመዝነው ሰው ሚዛኑን አቁሞ አየኝ። ወጣሁ።

አልጽፍም።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ

ሁለት ካምቢዮ ገባ። ሁለቱም ማንዋል። ሠራሁ። 

ለልጄ ለአስቴር ምሳ ላይ ነገሩን ሁሉ ነገርኳት። መንገሬ ስህተት ነበር። ሳህኗን ገፋ አድርጋ «አባዬ፣ ያንተ ስም ከሰው እንጀራ ይበልጣል?» አለች። ከገበታዬ ተነሺ አልኳት። ተነሳች። ወጡ ቀዝቅዞ ብቻዬን በላሁ። እናቷ ብትኖር ይህን አትጠይቀኝም ነበር። ወይም ትጠይቀኝ ነበር። እሷም አንደበቷ ቢላዋ ነበር።

ስሜ ምንድነው ደብተር? ትምህርት ቤት አልገባሁም። ከጣሊያን ጋራዥ ቆሻሻ ውስጥ የተጣለ ካምቢዮ አንስቼ፣ ስፈታና ስገጥም ተማርኩ። ያለኝ እርሱ ብቻ ነው፤ ተሰማ ካለ አለቀ የሚባለው። አንዴ አላውቅም ብዬ ከፈረምኩ ከነገ ወዲያ ማንም ሹፌር ቃሌ ላይ ይተፋል። ትክክል የፈረድኩበትም ጭምር።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 4፡00

ከድር መጣ። እጁ በሲሚንቶ ተሰነጣጥቋል። ወንበር አልሰጠሁትም። የአስመጪውን ደብዳቤ ወሬ ከአቶ ግ. ጸሐፊ ሰምቷል። ይጮኻል ብዬ ጠበቅሁ፣ መልስ አዘጋጅቼ። አልጮኸም። የአውቶቡስ ሹፌር የሚፈልገው ፋብሪካ እስከ ሰኞ ሌላ መልቀቂያ አምጣ ብሎታል፤ ከዚያ ቦታው ለሌላ ነው። ልጆቹን ወደ አገር ቤት ሊልካቸው ነው። ብሎኬት መሸከም የቤት ኪራይ አይከፍልም አለ።

ምን ላድርግልህ ታዲያ፣ ላልቅስልህ? አልኩት።

ቆሞ አየኝ።

«ጋሼ፣ ያን ቀን ዘይቱን ሲያሸቱ እኔን ቀና ብለው አላዩኝም» አለ። ወጣ። በሩን እንኳ በቀስታ ዘጋው።

ቢሰድበኝ ይሻል ነበር። የተሳደበ ሰው ይረሳል።

ኅዳር 14፣ እሑድ፣ ከቀኑ 10፡00

ሦስት ወረቀት ቀደድኩ። በመጀመሪያው «ስህተት ሊኖር ይችላል» ብዬ ነበር። ይህ የፈሪ ቃል ነው። በሁለተኛው ጥፋቱን ፋብሪካው ላይ ጣልኩ። ዘይቱን ያሸተተው ፋብሪካው ነው? ሦስተኛው ላይ ከድርን አመሰገንኩ፤ ውሸት ነው፣ ሰውየውን አልወደውም። አራተኛው እንዲህ ይላል፦

«እኔ ተሰማ፣ በሕይወቴ አንድም አውቶማቲክ ካምቢዮ ፈትቼ አላውቅም። ጥቅምት 18 የሰጠሁት ቃል ግምት እንጂ እውቀት አልነበረም። ሹፌር ከድር ጥፋት የለበትም።»

ፈረምኩ። 

ነገ 2 ሰዓት ላይ አቶ ግ. ሱቅ እገኛለሁ፣ ደንበኛ በሞላበት ሰዓት። ጮክ ብዬ አነብለታለሁ። አዲሱ መልቀቂያ ታትሞ ማኅተም እስኪያርፍበት ቆሜ እጠብቃለሁ። ከዚያ ለቡ ወስጄ ከድር እጅ ላይ አኖረዋለሁ።

ይቅርታ አልልም። እርሱም አመሰግናለሁ እንዳይለኝ። ካለኝ፣ ብሎኬቱን መልሼ አሸክሜው እመለሳለሁ።