ጓንትሽን እንደ ደረቀ መልሼልሻለሁ

ለምወድሽ ልጄ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ሳሉስ ለቀቀሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ደረጃ ካላሳየሁት አይጣላኝም።

ጥቅልሽ ደርሶኛል። አባትሽ ይሠራበት በነበረው የኃይል ማመንጫ፣ ያውም ኦክስጅን ክፍል መቀጠርሽን ሳነብ ቁጭ አልኩ። አዲሱ ጓንት እንጨት ሆኖብኛል፣ የአባዬን በቫዝሊን ታለሰልሺው እንደነበረው አድርጊልኝ ብለሻል። ለካስ ታስታውሻለሽ።

አልቀባሁትም፣ ልጄ።

ያን እንደ ሬንጅ የወፈረ ነዳጅ ድሮ የሚያነዱት በተራ አየር ነበር። ጥላሸቱ የሰጣሁት ልብስ ላይ ይዘንባል፤ ጓንት ቢቀባ ግን የሚጎዳው የለም። ኋላ በንጹሕ ኦክስጅን ማንደድ ጀመሩ። አባትሽ ደስ ብሎት፣ ከእንግዲህ ጭስ የለም፣ እንፋሎቱ ውሃ ይሆናል፣ የቀረውን ካርቦን ጨምቀን መሬት ውስጥ እንቆልፍበታለን፣ አንቺም አንሶላሽን እንደ ልብሽ አስጪ አለኝ። ጭስ ልታስሩ ነው? ጠበቃ እንዳያቆምባችሁ ብዬ ሳቅሁበት።

አዲስ ጓንትም ሰጡት። ለዚህኛው አትድከሚ አለኝ፤ ለእኔ አዝኖ መሰለኝ። እጁ ግን ተሰነጣጥቆ ይደማ ነበር፤ እኔ ደግሞ የቤቴ ሰው ሲያመው እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አላውቅም። አንድ ቀን ጠዋት ጓንቱን ሲያጠልቅ፣ እየለመደኝ መጣ መሰለኝ አለ። ማታ በቫዝሊን እንዳሸሁት ሳልነግረው ፈገግ አልኩ።

የዚያን ዕለት የኦክስጅኑን ቫልቭ ሲከፍት እሳቱ ከእጁ ተነሣ። መርማሪዎቹ ቅባት ነበረ አሉ፤ ከየት እንደመጣ ግን አላወቁም። ሐዘን ላይ የተቀመጠችን ሴት ማን ይጠይቃል?

ካንቺ ደብተር ማንበብ የተማርኩት ከዚያ ወዲያ ነው። ስለ ኦክስጅን የተጻፈ ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤአለሁ። አንዳንዱን ገጽ ባላነበብኩት ያልኩበት ጊዜ አለ፤ ዛሬ ግን ጓንትሽን ሳይ እንኳን አነበብኩት አልኩ።

እጅሽ ቢሰነጠቅ ይሰነጠቅ፣ ይድናል። ቅባት የነካው ነገር ይዘሽ ወደዚያ ቫልቭ አትጠጊ። ለምን ካልሽ የክፍሉን አለቃ ጠይቂው፤ በሁለት ቃል ያስረዳሻል። መልሱን ስትሰሚ አባትሽ ትዝ ይልሻል፤ ቀጥሎ እኔ። ከዚያ በኋላ ልትጽፊልኝ ከወደድሽ፣ ምን ብለሽ እንደምትጠሪኝ ለአንቺ ትቼዋለሁ።

ከክፉ ይሰውርሽ። ደግ ሰው ይግጠምሽ። እጅሽን ይጠብቅልኝ።

እስከዚያው ድረስ፣
እናትሽ