አማቴ ያዞሩት ወንበር

ጥር ፲፬ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.፣ ሆሳዕና

ዛሬ ሳሎኑን አስተካክዬ ጨረስኩ። ሬዲዮውን ዳንቴል አለበስኩት፤ ቡፌውን በር ሲከፈት ፊት ለፊት እንዲታይ አቆምኩት፤ አራቱን ወንበሮች በጠረጴዛው ዙሪያ ደረደርኩ። እሁድ የባለቤቴ መሥሪያ ቤት ዳይሬክተር ሚስት ልትጠይቀን ትመጣለች።

ከሰዓት በኋላ ግን አማቴ ለአዲሱ ቤታችን ስጦታ ላም እየነዱ ከአንጋጫ መጡ። አመስግኜ ሳልጨርስ "ላሟ በየት በኩል ነው የምትገባው?" አሉኝ። እሳቸው ቤት ሰውና ከብት አንድ ጣሪያ ሥር ነው የሚያድሩት። እንግዳም ሲገባ ቀድሞ የሚያየው ላሞቹን ነው።

"እዚህ ሲሚንቶ ነው አባባ፣ ጓሮ እናስራታለን" አልኳቸው።

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ላሟን እንሰቱ አጠገብ አሰሯት። ከዚያ አንዱን ወንበር ወደ ጓሮው በር አዙረው፣ ለቡፌዬ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ።

"ጥሩ ቤት ነው ልጄ" አሉኝ፣ ላሟን እያዩ።

ባለቤቴ ማቴዎስ ከሥራ ሲመጣ ነገሩን ያስተካክልልኛል ብዬ ጠበቅሁ። "ሳሎናችን የከተማ ሰው ሳሎን ይምሰል" ሲለኝ የከረመው እሱ ነው። ገባ፣ የአባቱን ጉልበት ሳመ፣ ሁለተኛውን ወንበር አንስቶ ከጎናቸው አዞረና ተቀመጠ። እኔ በማልሰማው ከምባትኛ ስለ ላሟ ያወሩ ጀመር። እንዲህ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም።

አማቴ እሁድም እዚሁ ናቸው። ወንበሮቹን ልመልሳቸው ወይስ ልተዋቸው፣ አላውቅም። ሻይ ይዤ ብዙ ጊዜ ቆምኩ። ሦስተኛውን ወንበር ያዞረልኝ የለም።