መሸፈኛው ቅጠል

ዛሬ ቅዳሜ ኅዳር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ፣ በሌሞ ወረዳ፣ ከሆሳዕና ከተማ በጋሪ የግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ ባለው መኖሪያ ቤቴ ተቀምጬ፣ እኔ ጠና ላምቤቦ ሄራሞ፣ ዕድሜዬ ሰባ ስምንት ዓመት የሆነው፣ የመጨረሻ ቃሌን በአራት ምስክሮች ፊት እናገራለሁ። ምስክሮቼ ጎረቤቶቼ ናቸው። ጸሐፊዬ ከፍርድ ቤት መዝገብ ቤት በጡረታ የወጣው አቶ ዳኘ ነው፤ ከአፌ የወጣውን ሁሉ እንዲጽፍ፣ ምንም እንዳያሳምር አዝዤዋለሁ። እግሬ አብጧል፤ ልቤም ሐኪሙ እንዳለው ደክሟል። አእምሮዬ ግን አልከዳኝም። የሚጠራጠር ካለ የበደሉኝን ሰዎች ይጠይቀኝ፤ ከነቀኑ እቆጥርለታለሁ። ያስገደደኝ የለም፤ በዚህ ዕድሜዬ እንኳን የሚያስገድደኝ የሚጠይቀኝም ጥቂት ነው። ከዚህ በፊት ያደረግሁት ኑዛዜ ቢገኝ ተሽሯል።

አንደኛ፤ ስለ ቀብሬ። ከባለቤቴ ከሙሉአለም ጎን ቅበሩኝ። ድንኳኑ ከሦስት ቀን በላይ አይቆይ። ማይክ ጨብጦ ስለ ባህል ሐኪምነቴ የሚያወራ እንዳይኖር። በሕይወት ሳለሁ ጠንቋይ ሲሉኝ የነበሩ ሁሉ ያን ቀን «ትልቅ ሊቅ አጣን» እንደሚሉ አውቃለሁ፤ ንፍሯቸውን በልተው ይሂዱ።

ሁለተኛ፤ ቤቱና የእንሰቱ ጓሮ ለልጄ ለፀደይ ይሁን። እናቷ ከሞተች ጀምሮ በየሳምንቱ ከፎንቆ እየተመላለሰች እንሰቱን የፋቀች፣ ቆጮውን የጋገረች፣ እኔንም ያጠበች እሷ ናት። ስንት ጊዜ ተቆጥቻት አንድ ቀን ክፉ አልመለሰችልኝም። ይህን ፊት ለፊት ልነግራት ይገባኝ ነበር፤ አልነገርኳትም። ጋሪውን ባሏ ይውሰድ። ፈረሱን ግን አልሰጠውም፤ ፈረስ ሲደበድብ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ፈረሱ የፀደይ ነው፤ እሱ ጋሪውን ከፈለገ ራሱ ይጎትተው።

ሦስተኛ፤ ስለ መድኃኒቱ። የወፍ በሽታ መድኃኒት ከአያቴ ለአባቴ፣ ከአባቴ ለእኔ ደርሷል። ዓይናቸው ቢጫ የሆነባቸው ሰዎች ከዱራሜም ከአንጋጫም እዚህ ደጅ ድረስ መጥተዋል። ምስክሮች እንድትረዱት ላስረዳ። መድኃኒቱ አንድ ቅጠል ነው፤ ነገር ግን ብቻውን ለማንም አይሰጥም። ከሌላ ቅጠል ቁንጥር ይጨመርበታል፤ ያኛው ሽታው የሚከረፋ፣ ጣዕሙም እንደ ሐሞት የሚመር ነው። አባቴ መሸፈኛ ይለው ነበር። የሚያድን አይደለም፤ የዋናውን ሽታና ጣዕም ደብቆ፣ ጠጪው ነገ ከአጥር ሥር ለይቶ እንዳይለቅመው ያደርጋል። መድኃኒት የታወቀ ቀን ይረክሳል ብሎ አባቴ አስጠንቅቆኝ ነበር፤ እኔም አምኜ ኖርኩ። የሁለቱንም ስም እዚህ አላጽፍም፤ ካጻፍኩ በማግሥቱ መናኸሪያው በር ላይ በፌስታል ታስሮ ይሸጣል።

አራተኛ፤ ከወንዙ ማዶ ያለው የገብስ ማሳ በሙሉ ለፀደይ ይጨመር። ልጄን ዘርአብሩክ ጠናን፣ በዩኒቨርሲቲ መምህርና ተመራማሪ የሆነውን፣ ከውርሴ ነቅዬዋለሁ።

እዚህ ላይ ዳኘ ብዕሩን አስቀመጠ። «ጋሽ ጠና፣ ልጅ ከውርስ ሲነቀል ምክንያቱ ካልተጻፈ በሕግ አይጸናም» አለኝ።

«እናቱን ስለገደለ ብለህ ጻፍ» አልኩት። ብዕሩን አላነሣም። እንግዲያው በዝርዝር ይጻፍ።

ዘርአብሩክ ልጅ ሳለ መድኃኒቱን ላስተምረው ብጠራው፣ የመዘምራን ጓደኞቹ እንዳይስቁበት ሸሸኝ። በ2011 ዓ.ም. ግን ከአንድ ፕሮፌሰር ጋር በነጭ መኪና መጣ። ደጄ ላይ ቆሞ «አባቴ ናቸው» አላለም፤ «መረጃ ሰጪያችን ናቸው» አለ። እኔ ወልጄ፣ አስተምሬ፣ መረጃ ሰጪ ሆንኩ። ፎርም አስፈረመኝ። ባዶ ጆንያ ይዘው መጥተው ነበር፤ ሞልቶላቸው ሄዱ። ቅጠሉን አድርቀው፣ ፈጭተው፣ በአልኮል ዘፍዝፈው፣ የወጣውን ለአይጦች አጠጡ። ስኳር እንዲይዛቸው የተደረጉ አይጦች ስኳራቸው ወረደ። በ2014 ዓ.ም. ጽሑፉ ውጭ አገር ታተመ። እኔ በዚያ ውስጥ ስም የለኝም፤ «አንድ የአካባቢው ባህላዊ ሐኪም» ነኝ። ዓመት ሳይሞላ አንድ ነጋዴ የቅጠሉን ስም ከጽሑፉ አግኝቶ፣ አስለቅሞ፣ በትንንሽ ከረጢት አሽጎ፣ «በዩኒቨርሲቲ የተረጋገጠ የስኳርና የጉበት ሻይ» እያለ መናኸሪያ ላይ ይቸበችበው ጀመር።

ሙሉአለም ስኳር ነበረባት። ልጄ ያገኘው መድኃኒት ነው ብላ ኪኒኗን ትታ ሻዩን ያዘች፤ ጠዋት ማታ፣ በትልቁ ኩባያ። ሦስት ወር ጠጣችው። በአራተኛው ዓይኗ ቢጫ ሆነ። የወፍ መድኃኒት አዋቂው ሚስት በወፍ በሽታ ተያዘች! ለሰው ሁሉ አርባ ዓመት የሰጠሁትን ለእሷም ሰጠኋት፤ አልረዳትም። ሆስፒታል ስትደርስ ጉበቷ አልቋል አሉን። ሰኔ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. አረፈች። እሷን የመሰለ ሰው አላውቅም፤ አርባ ሁለት ዓመት ችላኝ ኖራለች። ዘርአብሩክ ለለቅሶ ሲመጣ በድንኳኑ ሰው ሁሉ ፊት ፊቴን አዞርኩበት። እስከ ዛሬም አላናገርኩትም። ምክንያቱ ይህ ነው፤ ይበቃል።

አልበቃም። ከምስክሮቹ አንዱ ስሙም ምስክር የሚባል የባዮሎጂ መምህር ነው። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ጽሑፉን እኔ አንብቤዋለሁ። ጠጡት አይልም» አለ። ከስልኩ አውጥቶ እያነበበ ተረጎመልኝ። በብዛት የተሰጣቸው አይጦች ጉበታቸው እንደ ተጎዳ፣ በሰው ላይ ገና እንዳልተሞከረ፣ ተመርምሮ ሳያልቅ ማንም እንዳይጠጣው ዘርአብሩክ በግልጽ ጽፏል። ነጋዴው እዚህ ገጽ ላይ አልደረሰም። እኔም ዓመት ከአምስት ወር ሙሉ ልጄን ስረግም አንድ ሰው ጠርቼ አንብብልኝ አላልኩም።

ይህን ሰምቼም ቃሌን ለማጠፍ አልፈለግሁም ነበር፤ እልኸኛ ነኝ። ያን ጊዜ ጎረቤቴ ወይዘሮ ነጂባ ረሺድ ተናገረች። «ጋሼ፣ እኔ አንድ ነገር አልገባኝ አለ። የእርስዎን መድኃኒት እኔም ጠጥቻለሁ፣ ልጄ ነስሩም ጠጥቷል፤ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ዘርአብሩክ የወሰደው ያንኑ ከሆነ እሷን እንዴት ገደላት?»

ልዋሽ አሰብኩ፤ ይህም ይጻፍ። ስለ መድኃኒት የጠየቀኝን ሁሉ አርባ ዓመት ስሸነግል ኖሬያለሁና ውሸት አይቸግረኝም። ነገር ግን የጠየቀችኝ ሙሉአለም ስታጣጥር እጇን ይዛ ያደረች ሴት ናት።

እንግዲህ ስሙ። ለዘርአብሩክ ዋናውን ቅጠል አልሰጠሁትም። ጆንያውን በሙሉ በመሸፈኛው ሞላሁለት። በፕሮፌሰሩ ፊት «የአባቶቼ መድኃኒት ይህ ነው» ብዬ በእጄ አስረከብኩት። መረጃ ሰጪ ካለኝ የሚገባውን መረጃ ሰጠሁት ብዬ፣ መኪናቸው ሲርቅ ብቻዬን ሳቅሁ። በቁንጥር ማንንም ጎድቶ ስለማያውቅ በጆንያም የሚጎዳ አልመሰለኝም። አይጥ ይድንበታል ብዬም አልጠበቅሁም። ሠራ ሲሉ ስሰማ ደነገጥኩ፤ ከዚያ ወዲያ ደግሞ እውነቱን መናገር በየወሩ እየከበደኝ ሄደ።

ስለዚህ አራተኛው አንቀጽ ይሰረዝ። ዳኘ አንድ መስመር ብቻ ያስምርበት፤ ከሥሩ ይነበብ። ምክንያቱ ግን አይሰረዝም። አጠገቡ አውራ ጣቴን አሳርፌበታለሁ።

አምስተኛ፤ የገብሱ ማሳ ለሁለቱ ልጆቼ እኩል ይከፈል። ዋናውን ቅጠል ለዘርአብሩክ አውርሼዋለሁ። ከመጣ በእጄ አሳየዋለሁ፤ ሳይደርስ ከሞትኩ ፀደይ ታሳየው። ሴት ልጅ ናት ብዬ አንድ ቀን አስተምሬያት አላውቅም፤ እሷ ግን እያየች እንደ ተማረችው ካወቅሁ ቆይቻለሁ። አንድ ግዴታ አለበት፤ ይመርምረው። አርባ ዓመት ሰው ያዳንኩ እኔ ልሁን፣ ወይስ በሽታው በራሱ ጊዜ የሚለቅ ይሁን፣ አላውቅም። ሙሉአለምን ስላላዳነ ፈርቻለሁ። ባዶ ሆኖ ከተገኘ ባዶ ነው ብሎ ያሳትም፤ ያን ጊዜ ስሜን ከነአያቴ ይጻፈው።

ለልጆቼ ምክር እንድጨምር ዳኘ ያሳስበኛል፤ የኑዛዜ ወግ ነው ይላል። መክሬ የጠቀምኩት ሰው ትዝ አይለኝም። ኪኒን ያለባችሁ ኪኒናችሁን አትተዉ።

ስድስተኛ፤ ኑዛዜ የሚከፈተው ከሞት በኋላ መሆኑን አውቃለሁ። የተሰረዘው አንቀጽ ከነምክንያቱ፣ ስለ ጆንያው ያመንኩት፣ አምስተኛውም፣ ሞቴን አይጠብቁ። ምስክሮቹ ከመፈረማቸው በፊት ለዘርአብሩክ በስልክ ይነበብለት።

የጸሐፊው ቃል። እኔ ዳኘ፣ በተናዛዡ ትእዛዝ፣ በመምህር ምስክር ስልክ ለአቶ ዘርአብሩክ ደውዬ፣ ድምፁ ለሁሉም እየተሰማ፣ የታዘዝኩትን አነበብኩለት። ሳያቋርጠኝ አዳመጠ። ከዚያ በኋላ የተባለው ተናዛዡ እንዳዘዙኝ እንዳለ ሰፍሯል።

«አባዬ፣ አለህ?»

«አለሁ።»

«መሸፈኛው መሆኑን ያን ዕለት አውቄያለሁ። ልጅ ሆኜ ስትለቅም ሳታየኝ ከኋላህ እየተከተልኩ አይህ ነበር። በፕሮፌሰሩ ፊት ዋሽተሃል ልልህ አልቻልኩም፤ ይሉኝታ ያዘኝ። በኋላ ደግሞ አይጦቹ ላይ ሲሠራ ሳይ ዝም ብዬ ቀጠልኩ።»

ተናዛዡ ስልኩን እንዳስጠጋላቸው በእጃቸው ጠቆሙኝ።

«እማዬ እንደምትጠጣው ግን አላወቅሁም» አለ አቶ ዘርአብሩክ። «በደወልኩ ቁጥር ኪኒኔን እየዋጥኩ ነው ትለኝ ነበር። አንተ ያን ሽታ ታውቀዋለህ፣ አባዬ። ቤት ውስጥ ሲፈላ አልሸተተህም?»

ተናዛዡ ውሃ ጠየቁ፤ ቀረበላቸው፤ አልጠጡትም። «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሸቶኛል» አሉ። «ተዪው ብላት ለምን ትለኛለች። ለምን ካለችኝ ልጄን ማታለሌን ልነግራት ነው። ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ስል ዓይኗ ቢጫ ሆነ።»

አቶ ዘርአብሩክ ሌላ ቃል ሳይናገር ስልኩ ተዘጋ። መልሰን ብንደውል አላነሣም። ተናዛዡ «ይህንንም ከምክንያቱ ሥር ጻፈው» አሉኝ፤ ጽፌያለሁ።

ከላይ የሰፈረው ሁሉ ለተናዛዡና ለአራቱ ምስክሮች በአንድነት ሳሉ ተነቧል። ተናዛዡ ቃላቸው መሆኑን አረጋግጠው የቀኝ እጃቸውን አውራ ጣት አሳርፈዋል። ወንጌላዊ አጵሎስ ዋለ፣ አቶ ፈትሁዲን መሐመድአሚንና መምህር ምስክር ፈርመዋል።

አራተኛዋ ምስክር ወይዘሮ ነጂባ ረሺድ አልፈርምም ብለው ወደ ደጅ ወጡ። ያለ እርሳቸው ፊርማ ኑዛዜው እንደማይጸና ሄጄ አስረዳኋቸው። ግማሽ ሰዓት ያህል ከቆዩ በኋላ ተመልሰው ገቡና ብዕሩን ከእጄ ተቀበሉ። ለተናዛዡ «የምፈርመው ለእርስዎ ብዬ አይደለም፤ እንዴት እንደ ሞተች ተጽፎ እንዲቀመጥላት ነው» ብለው ፈረሙ።