ጥያቄዎቼ የጠፉበት ቅጂ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 1 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ሮተርዳም

ዛሬ ከሰዓት የላቲን አሜሪካ ስፖርተኞች መታሰቢያ ዐውደ ርዕይ በሰፈሩ አዳራሽ ተከፈተ። ዘጠኙንም አዛውንት ስፖርተኞች ጎረቤት ከተሞቹ ስኪዳምና ካፔለ ድረስ እየሄድኩ፣ ታሪካቸውን እየጠየቅኩ ድምፃቸውን የቀዳሁት እኔ ነኝ። መግቢያው ሰሌዳ ላይ ግን በአዘጋጅነት ያለው የኃላፊዬ የማርክ ስም ብቻ ነው። ድምፄንም ከቅጂዎቹ ሁሉ አጥፍቶታል።

"ሰው የመጣው ስፖርተኞቹን ሊሰማ ነው፣ አንቺን አይደለም" አለኝ እየሳቀ።

በአንዲስ ተራሮች ላይ ወንዶቹን ያስከነዱት ኮሎምቢያዊቷ ብስክሌተኛ ዶና ኤልቪራ ባለፈው ወር አርፈዋል። ድምፃቸው ግን ጣሪያው ላይ ከተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ይወርዳል። ይመልሳሉ፣ ዝም ይላሉ፣ ደግሞ ይመልሳሉ። ዝም የሚሉት እኔ በጠየቅኩበት ቦታ ነው።

ድምፅ ማጉያው ሥር ቆምኩና በዝምታው መሃል ጮክ ብዬ ጠየቅኩ። ጥያቄዎቼን በቃሌ አውቃቸዋለሁ።

"ወንዶቹ ምን ይሉዎት ነበር?"

"'ወደ ጓዳሽ ተመለሺ' ይሉኝ ነበር። የተራራው ጫፍ ላይ ደርሼ ቁጭ ብዬ እጠብቃቸዋለሁ!"

ጎብኚዎቹ ዞረው አዩኝ። ማርክ ክንዴን ያዘ። "ተይ፣ ሰው እያየሽ ነው።"

"ይየኝ" አልኩና ክንዴን መነጨቅኩት።

ቅጂው ሊያልቅ ሲል ጥያቄ ያልነበረበት አንድ ዝምታ ቀረ። በሕይወት ሳሉ ያልጠየቅኳቸውን ጠየቅኩ። "ዶና ኤልቪራ፣ የስሜን ነገር ልተወው?"

"በፍጹም፣ ልጄ" አሉ።

ቤት ገብቼ ያልተቆረጠውን ዋናውን ቅጂ ሦስት ጊዜ ሰማሁት። "በፍጹም" ያሉበት ቦታ ላይ የሚሰማው የግድግዳ ሰዓታቸው ብቻ ነው።

ሰኞ ሰሌዳው ላይ ስሜን በገዛ እጄ እጽፋለሁ። ታዝዣለሁ።