ሎጋውና ጡረተኛው

ውድ ወንድሜ፣

በደወልክ ቁጥር «ሎጋው እንዴት ነው?» ትለኛለህ፤ እኔም «ደህና ነው፣ የሚናፍቀው አንተን ብቻ ነው» እልሃለሁ። ስድስት ወር ሙሉ ዋሽቼሃለሁ። ያለፈው አንድ ወር ግን እውነት ነበር። ድምፅህን ስሰማ ወኔዬ ስለሚከዳኝ በወረቀት ይሻላል ብዬ ነው። ቁጭ ብለህ አንብበው።

ለመንገድ ቅየሳ ስትሄድ የአደን ውሻህን የሎጋውን ገመድ አስጨብጠኸኝ «እትዬ፣ አደራ» አልከኝ። እኔ ደግሞ ውሻ ያው ውሻ መስሎኝ። ለካ ባለ አራት እግር አውሎ ነፋስ ኖሯል ያስረከብከኝ። በመጀመሪያው ሳምንት የሶፋውን ሆድ ዕቃ ዘርግፎ ሳሎኑን ስፖንጅ አለበሰው። በሁለተኛው ጎረቤታችን ነርሷ ያሰጣችውን አንሶላ ከነገመዱ እየጎተተ ሦስት በር አለፈ። ርቦት ነው ብዬ ምግብ ጨመርኩለት። የጨመርኩለት ጉልበት ነበር።

ባለቤቴን ታውቀዋለህ። ሠላሳ ዓመት የውሃ ቆጣሪ ሲያነብ ከየግቢው ውሻ ጋር ሲታገል የኖረ ሰው ነው፤ ባቱ ላይ ሁለት ጠባሳ አለ። ጡረታ በወጣ በወሩ ሎጋው መጣ። «ተገላገልኩ ስል ቤቴ ድረስ ተከተለኝ» አለ። ባለቤቴስ ቢሆን መች አስቀመጠኝ? ሥራ ሲያጣ የወጥ ቤቴን መደርደሪያ ሦስት ጊዜ አደራጅቶልኝ፣ ጨው ፍለጋ ስዞር እውል ነበር። ሎጋው አንድ እግር ጫማውን የበላበት ቀን ግን ቁርጡን ነገረኝ፦ «ወይ እሱ ወይ እኔ። እስከ እሁድ።»

ይቅር በለኝና ከጡብ ፋብሪካው ዘበኛ ጋር ተነጋገርኩ። «በሰንሰለት አስሬ አኖረዋለሁ» ሲለኝ እሺ አልኩት። ከዚያ ወዲያ እህል አልወርድልህ አለኝ። መስታወት ባየሁ ቁጥር አንዲት አደራ በላ ታፈጥብኛለች።

ቅዳሜ ጠዋት ሎጋው ግቢው መሃል የፊት እግሩን አንስቶ፣ ጅራቱን ቀጥ አድርጎ ደርቆ ቆመ። ብጠራው አይሰማ፣ ብገፋው አይነቃነቅ። ተሰብሯል ብዬ እግሩን በባለቤቴ አሮጌ ከረባት ጠቀለልኩት። አንተ አሁን እየሳቅክ እንደሆነ አውቃለሁ። የታመመ ውሻ ደግሞ ለሰው አይሰጥም፤ ባለቤቴ እያጉረመረመ ሐኪም ዘንድ ይዘነው ሄድን።

የእንስሳት ሐኪሟ ከረባቱን ፈትታ እግሩን ደባበሰችና «ከፊቱ ምን ነበር?» አለችኝ።

«ምንም። ቁጥቋጦው ላይ አንዲት ወፍ ብቻ።»

ሳቋን ዋጥ አደረገች። «እናቴ፣ እግሩን አላመመውም፤ ወፏን እያሳየዎት ነበር። ሥራው ነው። የዚህ ውሻ በሽታ ሥራ ማጣት ነው። ለሩጫና ለፍለጋ የተፈጠረ ፍጥረት ቤት ተዘግቶበት ሶፋ ባይበላ ነበር የሚገርመኝ።»

ሳላስበው ዞር ብዬ ባለቤቴን አየሁት።

«ምን ታይኛለሽ?» አለኝ። «እኔ ሶፋ አልበላሁ።»

ስንመለስ ግን ገመዱን የያዘው እሱ ነበር። በድሮው የሥራ መስመሩ ታጠፈ። «ይኸውልህ፣ አንዱ ውሻ የነከሰኝ እዚህ ግቢ ነው» እያለ ለሎጋው ይተርክለታል፤ እሱም በየበሩ ሥር እያሸተተ ይሰማዋል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ዞርን። ቤት ስንገባ ሁለቱም እንደ ድንጋይ ተኙ። መደርደሪያዬን የነካ የለም።

እሁድ ዘበኛው ሰንሰለቱን ይዞ መጣ። በሩን የከፈተለት ባለቤቴ ነው። «ይቅርታ ወንድሜ፣ የሚሰጥ ውሻ የለንም» ሲለው ከወጥ ቤት ሰማሁ። እዚያው ወንበር ላይ ዘጭ አልኩ። ያን ቀን ነው እህል በስንት ጊዜው የጣመኝ።

አሁን በየጠዋቱ መስመሩን ሳያዳርሱ አይመለሱም። የድሮ የሥራ ቆቡን ቁጥቋጦ ውስጥ ይደብቅለታል፤ ሎጋው አነፍንፎ ያወጣዋል። ሶፋውን አሰፍቼዋለሁ፤ እስካሁን ደህና ነው።

በሚቀጥለው ወር እንደምትመለስ ነግረኸኛል። አደራህን በጤናው እንደማስረክብህ ቃሌ ነው። ከባለቤቴ ጋር ያለውን ጉዳይ ግን አንተው ጨርስ፤ እኔ መሃል አልገባም።

ይህን ስጽፍ ሊነጋጋ ነው። ሎጋው የፊት እግሩን አንስቶ፣ ጅራቱን ቀጥ አድርጎ ሳሎኑ መሃል ቆሟል። አፍንጫው የሚያሳየኝ በሩ ሥር የተቀመጠውን የባለቤቴን ጫማ ነው።

አደራህን ለጥቂት ያልበላችው፣
እህትህ