ሦስተኛው ኦሉም

ጋምቤላ፣ ሐምሌ 18 ቀን 2013 ዓ.ም.

ልጄ ሱዛን፣

የጌታ ሰላም ናይሮቢ ድረስ ይድረስሽ። ባሮ ሞልቶ ሰዉ ልብስ የሚያጥብበት ቦታ አጥቷል። ታናሽ ወንድምሽ ከወባው አገግሟል። የአባትሽን መመረጥ ሰምተሽ በስልክ እልል ስትዪ ዝም ያልኩት ግን ኔትወርክ ጠፍቶ አይደለም። አፍሬ ነው።

በደርግ ጊዜ አስተዳዳሪ የነበረውን የኦሉምን ታሪክ ታውቂያለሽ፤ "ልጆቻችንን ለጦርነት አልሰጥም" ብሎ፣ ተወስዶ የቀረውን። ከእሱ በፊትም፣ የእንግሊዞች መርከብ በባሮ ላይ በሚመላለስበት ዘመን፣ ግብር ለከበደው ሕዝብ የተሟገተ ኦሉም የሚባል ሹም ነበር ይላሉ። አባትሽን ከሁለቱ ጋር የሚያገናኘው ስሙ ብቻ ነው። ቀስቃሾቹ ግን ፖስተሩ ላይ "ሦስተኛው ኦሉም" ብለው ጻፉ። እኔም ምን አለበት ብዬ ሳቅሁ።

ወንዙ ዳር በተደረገው ስብሰባ ላይ እማማ አኬሎ የሚባሉ ዓይነ ስውር ሴት ከሩቅ ቀበሌ እየተመሩ መጡ። የዚያ የተወሰደው ኦሉም እህት ናቸው። የአባትሽን ፊት በእጃቸው ዳሰሱና፣ "ወንድሜ በወሰዱበት አገር ወልዶ ነበር እንዴ? ልጁ ነህ?" አሉ።

አባትሽ ወደ እኔ አየ። ከዚያ፣ "አዎ፣ አክስቴ" አለ።

እልልታው ሲቀልጥ እኔም እልል አልኩ።

ከምርጫው በኋላ እማማ አኬሎ የደረቀ ዓሣ ይዘው ቤታችን መጡ። "መቃብሩ የት ነው?" ብለው ጠየቁ። አባትሽ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ "አዲስ አበባ ነው፤ ታሞ ሞተ" አላቸው። ያን ሁሉ ዘመን ሳያለቅሱ የጠበቁ ሴት ለቅሶ ተቀመጡ። ልደርሳቸው ስሄድ ሴቶቹ "የሟች ምራት ናት" ብለው ከጎናቸው ቦታ ለቀቁልኝ። ተቀመጥኩ፣ ሱዛን። አለቀስኩም።

ትናንት ደግሞ "መቃብሩን ልዳስሰው፣ ውሰዱኝ" ብለው መጡ። አባትሽ "ስብሰባ ሄዷል በያቸው" ብሎኝ ጓዳ ገባ። እኔ ግን አቃተኝ። "እማማ፣ ልጁ አይደለም። ዋሽተንዎታል፤ ይቅር ይበሉን" አልኳቸው።

ይረግሙኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ፊታቸው ግን በራ።

"ታዲያ ወንድሜ አልሞተም ማለት ነው?" አሉኝ።

ልጄ፣ ምን ልበላቸው? እጃቸውን ይዤ እስከ መንገዱ ሸኘኋቸው።

በትምህርትሽ በርቺ። ጌታ በመንገድሽ ሁሉ ይቅደም፤ ከሚያሳፍር ነገር ይሰውርሽ። ለአባትሽ ደውይለት፤ አታስከፊው። ለእኔ የምትልኪውን ደብዳቤ ግን በአክስትሽ በኩል አድርጊው፤ ከትናንት ማታ ጀምሮ ለጊዜው እሷ ጋ ነኝ።

የምትወድሽ እናትሽ
አቻን